ከንቅለ ተከላ በኋላ የጨመረው ኪሎ ምንድን ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ስላደረጉ ሰዎች ሰውነት ነው የሚያወራው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ ኪሎ መጨመር የመዳን ምልክት ነው፤ የሚጨምረውም በእጥበት ዘመን የጠፋው ጡንቻ ነው። ቦርጭ ከመጣና ፊት ካበጠ ጥፋቱ የስቴሮይድ፣ ማለትም ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይገፋ ከሚሰጡት መድኃኒቶች የአንዱ፣ ብቻ ነው፤ እሱ ሲቆም ሁሉም ይስተካከላል። ክብደት ከቁመት ጋር የሚነጻጸርበት ቁጥር፣ ቢኤምአይ፣ ልክ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። የኩላሊት ሥራ የሚገመትበት የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒን፣ በወረደ ቁጥር ደስ ይበለን። ጡንቻ ለመመለስ ፕሮቲን ማብዛት ይበቃል። ክብደት ማንሳት ለተተከለው ኩላሊት አደጋ ስለሆነ ዕድሜ ልክ ይቅር። ትንሽ ስብ ደግሞ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ ያስታውቃል፤ ሲነበብም ይጥማል። ለምላሽ ያነሳሳኝም ይኸው መጣሙ ነው። የሚጥም ጽሑፍ ቶሎ ይታመናል፤ እዚህ ውስጥ ደግሞ ታምኖ ቢሠራበት ኩላሊት የሚያሳጣ አንቀጽ አለ። እሱ ጋ እስክንደርስ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የጨመረው ኪሎ የተመለሰ ጡንቻ ነው ስለመባሉ

ኪሎ መጨመሩ እውነት ነው። ብዙ ጥናቶች በመጀመሪያው ዓመት የሚጠቅሱት ጭማሪ ከ5 እስከ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ሁሉም ሰው እኩል አይጨምርም፤ ጭራሽ የማይጨምርም አለ። የምግብ ፍላጎት መመለሱ ደግሞ በእርግጥ ደስ ይላል። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ አፍ ያመራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ያስጠላል። አዲሱ ኩላሊት ያንን ማጥራት ሲጀምር የምግብ ጣዕም ይመለሳል። ለዓመታት ፖታሲየምና ፎስፈረስ ሲቆጥር፣ ውሃ እንኳ በልክ ሲጠጣ የኖረ ሰው አብዛኛው ክልከላ ይነሣለታል። ይበላል። ይብላም።

ጥያቄው የበላው የት ገባ የሚለው ነው። የሰውነትን ይዘት በዴክሳ (ስብንና ከስብ ውጭ ያለውን ለይቶ በሚለካ የኤክስሬይ መሣሪያ) ወይም በሲቲ ስካን የለኩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ። የጭማሪው ትልቁ ድርሻ ስብ ነው። ጡንቻ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ ቀስ እያለ በከፊል ይመለሳል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ባለበት ይቆማል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማሳየት እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ለንቅለ ተከላ ሲገባ 60 ኪሎ ይመዝን ነበር እንበል። ከዚያ ውስጥ 13 ኪሎው ስብ ነው። ከዓመት በኋላ 68 ኪሎ ሆነ። ስቡ 20.5 ኪሎ ደርሷል። ከስብ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ጡንቻው፣ አጥንቱ፣ የውስጥ አካላቱና ውሃው አንድ ላይ፣ ከ47 ወደ 47.5 ኪሎ ብቻ ነው ያለፈው። 8 ኪሎ ጨመረ፤ 7.5ቱ ስብ ነው። ፊቱ ሞልቷል፣ ልብሱ ጠቦታል፣ ያየው ሁሉ አማረብህ ይለዋል። ደረጃ ሲወጣ ግን እግሩ የድሮው እግር ነው። የሚሸከመው ደግሞ 8 ኪሎ ጨምሯል።

ጸሐፊው አንድ ነገር ጭራሽ አላነሱም፤ እሱም ውሃ ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ ውስጥ የተረፈ ውሃ ይይዛል። ዴክሳ ይህን ውሃ የሚመድበው ከስብ ውጭ ካለው ክፍል ጋር ነው። ስለዚህ ከንቅለ ተከላ በፊት የተለካ ሰው ጡንቻው ካለው በላይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ኩላሊቱ ሥራ ሲጀምር ውሃው በሽንት ይወጣል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ጡንቻ የቀነሰ ይመስላል። ቀላል ኤሌክትሪክ በሰውነት አሳልፎ የሚለካው መሣሪያም በውሃ ይታለላል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልኬት ሲያዩ መደንገጥም መደሰትም ገና ነው።

ጡንቻው ቶሎ የማይመለስበት ምክንያት አለ። አንድ ቀን ተነሥቶ አልሄደማ! የታመመ ኩላሊት አሲድ በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፤ አሲዱ ጡንቻ ያፈርሳል። በሰውነት ውስጥ የማያቋርጥ ብግነት አለ። ኢንሱሊን እንደ ልቡ አይሠራም። እያንዳንዱ የእጥበት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከ6 እስከ 12 ግራም የሚሆን አሚኖ አሲድ ይዞ ይሄዳል፤ ጡንቻ የሚሠራው ከዚያ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሰዓታት ተኝቶ፣ ከዚያ ደግሞ ደክሞት ቀኑን የሚያሳልፍ ሰው እግሩን መቼ ይጠቀምበታል? ይህ ሁሉ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ በአንድ ቀዶ ሕክምና አይገለበጥም። አዲሱ ኩላሊት አሲዱን ያስተካክላል፣ ብግነቱን ያበርዳል። የመንቀሳቀሱን ሥራ ግን ለሰውየው ሊሠራለት አይችልም።

ቢኤምአይ ልክ ከሆነ ስለመባሉ

ወደ ምሳሌው ሰው እንመለስ። በ60 ኪሎ ቢኤምአዩ 20.8 ነበር። በ68 ኪሎ 23.5 ሆነ። ልክ የሚባለው ከ18.5 እስከ 24.9 ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልክ ነው! የስቡ ድርሻ ግን ከ22 በመቶ ገደማ ወደ 30 በመቶ ወጥቷል። ቢኤምአይ ክብደትን ለቁመት ካሬ ማካፈል ነው፤ ሌላ ምንም አያውቅም። ስቡ ቆዳ ሥር ይሁን አንጀት ዙሪያ አይነግርም።

የወገብ ዙሪያ በሜትር መለካት ከዚህ ይሻላል። ሌላም ጥሩ መለኪያ አለ፤ የሚያስፈልገው ወንበርና ሰዓት ብቻ ነው።

መደገፊያ እጀታ የሌለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስጠግቶ ማስቀመጥ። መቀመጥ። ሁለቱን እጆች ደረት ላይ ማጣመር። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ተመልሶ መቀመጥ፣ አምስት ጊዜ፣ በተቻለ ፍጥነት። የአውሮፓ ባለሙያዎች ቡድን በ2019 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መመዘኛ ከ15 ሴኮንድ በላይ ከወሰደ የጡንቻ አቅም መቀነስን የሚያስጠረጥር ነው። የእጅ ጭብጥ ጉልበት በመሣሪያ ከተለካ ደግሞ ለወንድ ከ27 ኪሎ በታች፣ ለሴት ከ16 ኪሎ በታች ዝቅተኛ ይባላል። ይኸው መመዘኛ ከጡንቻ ብዛት በፊት ጉልበትን ማስቀደሙን ልብ በሉ።

ወንበሩ ላይ ሰው ሲነሣ ማየት ብዙ ያስተምራል። ጭኑ የደከመ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት ይነሣል። ሦስተኛው ላይ ደረቱን ወደፊት ይወረውራል። ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ። አራተኛው ላይ የተጣመሩት እጆቹ ሳያስበው ይፈቱና ጭኑን ይገፋሉ። ሚዛን ላይ የቆመው 68 ኪሎ ይህን ሁሉ አይናገርም። ሲነሣ የሚያዞረው ወይም የመውደቅ ፍርሃት ያለበት ሰው ግን ይህን ብቻውን አይሞክር፤ አጠገቡ ሰው ይኑር።

ክሬቲኒን በወረደ ቁጥር ደስ ይበለን ስለመባሉ

ይህ ነጥብ ብዙ ሰው የማያስበው ጉድ ስላለበት ትንሽ ልቆይበት።

የተተከለ ኩላሊት ያለው ሰው ከክሬቲኒን ጋር ነው የሚኖረው። ውጤቱ ወጣ፣ ስንት ሆነ፣ 1.2 ነው፣ እፎይ። ይገባል። ግን ክሬቲኒን ከየት ይመጣል? ከጡንቻ ነው። ጡንቻ ውስጥ ክሬቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከእሱ በየቀኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ወደ ክሬቲኒን ይቀየርና ደም ውስጥ ይገባል፤ ኩላሊት ያወጣዋል። ስለዚህ የደም ክሬቲኒን ዝቅ የሚልበት መንገድ ሁለት ነው። ወይ ኩላሊቱ በደንብ እያወጣ ነው፤ ወይ ጡንቻው ጥቂት ስለሆነ ከመነሻውም ብዙ አልመረተም።

ሁለተኛው ሲሆን ከክሬቲኒን ተሰልቶ የሚወጣው የኩላሊት አቅም ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል። ጡንቻው ያለቀ ሰው ውጤቱ ያምራል፤ ኩላሊቱ ግን ወረቀቱ የሚለውን ያህል ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዴ ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ ምርመራ ያዛሉ፤ እሱ በጡንቻ ብዛት እምብዛም አይነካም። በሌላ በኩል ስቴሮይድ ሲስታቲን ሲን ከፍ ስለሚያደርገው ንቅለ ተከላ ባደረገ ሰው ላይ እሱም ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

የ24 ሰዓት ሽንት ተሰብስቦ የሚወጣው ጠቅላላ ክሬቲኒን ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የኩላሊቱ ሥራ የተረጋጋ ከሆነ ሰውየው ምን ያህል ጡንቻ እንዳለው በግምት ያሳያል። በኔዘርላንድስ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በሽንቱ የሚወጣው ክሬቲኒን አነስ ያለ ሰው የመሞትም፣ የተተከለለትን ኩላሊት የማጣትም ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አግኝተዋል። እንግዲህ ደም ውስጥ ሲያንስ የተጨበጨበለት ክሬቲኒን ሽንት ውስጥ ሲያንስ መጥፎ ዜና ሆነ ማለት ነው።

ተገላቢጦሹም አለ። እንቅስቃሴ ጀምሮ ጡንቻ ያበጀ ሰው ክሬቲኒኑ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ለጡንቻ ተብሎ የሚሸጠውን የክሬቲን ዱቄት የሚወስድም እንዲሁ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። የክሬቲኒን መጨመር ሰውነት ኩላሊቱን እየገፋ ለመሆኑ የመጀመሪያ ምልክትም ነው። ቤት ቁጭ ብሎ ጡንቻዬ ነው ብሎ መተርጎም አይቻልም፤ ቀን ሳያድር ለሐኪም መናገር ነው። ዱቄቱንም ሳያማክሩ አለመጀመር።

ጥፋቱ የስቴሮይድ ብቻ ነው፣ ሲቆም ይስተካከላል ስለመባሉ

ኩላሊት ያሳጣል ያልኩት አንቀጽ ይህ ነው።

ስቴሮይድ ንጹሕ ነው አልልም። ክሱ እውነት አለበት። በቀዶ ሕክምናው ሰሞን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ይሰጣል። ከዚያ በየሳምንቱ እየወረደ ከወራት በኋላ ብዙ ቦታ ፕሬድኒሶሎን በሚባለው ስቴሮይድ በቀን 5 ሚሊግራም አካባቢ ይረጋል። ስቴሮይድ በጡንቻ ላይ ከሁለት በኩል ነው የሚመጣው። የፕሮቲን መፍረስን ያፋጥናል፤ አዲስ ፕሮቲን መሠራትን ደግሞ ያቀዘቅዛል። ይበልጥ የሚጎዱት ፈጣኖቹና ጉልበተኞቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው። ከቦታ ደግሞ ጭን፣ ዳሌና ትከሻ። ወንበሩ ላይ ሦስተኛው መነሣት የከበደው ለዚህም ጭምር ነው። ስቡን ከእጅና ከእግር ወደ ሆድ፣ ወደ ፊትና ወደ ማጅራት ያዛውራል። በላዩ ላይ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ሌሊት ሁሉ የሚያስርብ።

እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነን። ብቻውን ነው ወደሚለው ስንሻገር ነው የምንለያየው።

ስቴሮይድ በጊዜ የቆመላቸው ሰዎችም ኪሎ ይጨምራሉ። በ2008 ውጤቱ የታተመ አንድ ሙከራ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን ስቴሮይዱን በሰባት ቀን አቆመ፤ ሌላው እስከ 5 ሚሊግራም እያወረደ ቀጠለ። አምስት ዓመት ተከታተሏቸው። ሁለቱም ቡድኖች ኪሎ ጨምረዋል። ያቆሙት የጨመሩት አነስ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ጥቂት ኪሎ ነው። በአንጻሩ ሰውነት ኩላሊቱን የመግፋት ምልክት ያቆሙት ላይ በርከት ብሎ ታይቷል። የስቴሮይድ መጠንንና የሰውነት ይዘትን ያነጻጸሩ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ከጡንቻ ጋር ይበልጥ የሚሄደው የሰውየው የዕለት እንቅስቃሴ መሆኑን አሳይተዋል።

ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚሰጡት ሌሎቹ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው። ከእነሱ አንዱ ታክሮሊመስ ቆሽት (ፓንክሪያስ) ኢንሱሊን እንዳያመነጭ ይጫነዋል፤ ሆድ ዙሪያ ከሚጠራቀመው ስብ ጋር ሲገናኝ ለስኳር በሽታ መንገድ ይከፍታል። ሌላው፣ ሲሮሊመስ፣ የሚዘጋው መስመር ደግሞ ጡንቻ ፕሮቲን ለመሥራት የሚጠቀምበት መስመር ነው። ዕድሜ አለ። መቀመጥ አለ። ጎኔ ይጎዳል ብሎ መፍራት አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ክኒን ላይ መደፍደፍ ለአንባቢ ምንም አይጠቅመውም።

አሁን አደጋው። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ፊቱ አብጦ መስታወት ሲያይ ምን ያደርጋል? ክኒኑን ይቀንሳል። መጀመሪያ አንድ ቀን ይዘላል፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሁለት ቀን። ስቴሮይድ ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ቶሎ ማምረት አይችሉም። ግፊት ይወርዳል፣ ስኳር ይወርዳል፣ ያስመልሳል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ሌላው መዘዝ ደግሞ ኩላሊቱ ራሱ ነው፤ ሰውነት ባዕድ መሆኑን ለይቶ ማጥቃት ይጀምራል። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ1954 ቦስተን ውስጥ ያለ እነዚህ መድኃኒቶች የሠራው ለጋሹና ተቀባዩ አንድ ዓይነት መንትዮች ስለነበሩ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ሰው መድኃኒቱን የሚውጥበት ምክንያት አለው።

ስቴሮይድ የሚቀነስበት ሁኔታ የለም ወይ? አለ። የሚቆምበትም አለ። ግን የሚወስነው የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ነው። የኩላሊቱን ሁኔታ፣ የሌሎቹን መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ፣ ከዚህ በፊት የመገፋት ምልክት መኖር አለመኖሩን አይቶ ነው። ፊቴ አስጠልቶኛል፣ ሆዴ አስጨንቆኛል ብሎ ለሐኪሙ መናገር ነውር የለበትም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት ቆጥሮ ሳይናገር ይቀርና በጓዳ ክኒን ይቆርጣል። ያ ነው ያስቸገረው።

ክብደት ማንሳት ዕድሜ ልክ ይቅር ስለመባሉ

ፍርሃቱ ይገባኛል። የተተከለው ኩላሊት እንደ ተፈጥሮዎቹ ከጀርባ፣ ከጎድን አጥንት ሥር አይደለም። ከሆድ ታች በአንዱ ጎን፣ ከዳሌ አጥንቱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። በእጅ ይዳሰሳል። ሰው በእጁ የሚዳስሰውን ነገር ይሳሳለታል።

መጀመሪያ ላይ ጥንቃቄው ልክ ነው። ቁስሉና የሆድ ግድግዳው እስኪጠገኑ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት ይከለከላል። ሐኪም ከዚያም ሊያራዝመው ይችላል። ጸሐፊው ግን የሁለት ወሩን ክልከላ ዕድሜ ልክ አደረጉት። የሚቀረው ሆድ ላይ ቀጥታ ምት የሚያመጣ ነገር ነው፤ ቦክስ፣ ትግል፣ የመሳሰለው። ክብደት ማንሳት እዚያ ውስጥ አይመደብም።

ማስረጃውም የቆየ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ፕሬድኒሶን የሚወስዱ፣ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችን ጭን በሲቲ ስካን አዩ። ጡንቻው ሳስቷል። ከዚያ ጭናቸውን በመሣሪያ ለሳምንታት አሠሯቸው። ጡንቻው ጨመረ፣ ጉልበቱም ጨመረ። ስቴሮይዱን እየዋጡ ነው እንግዲህ! ከላይ ስቴሮይድ ካልቆመ ተስፋ የለም የሚለውን ነጥብ ይኸው ያፈርሰዋል። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ደግሞ ከንቅለ ተከላ በኋላ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ የተመደቡት ሰዎች የትንፋሽ አቅማቸውና የጭን ጉልበታቸው ካልተመደቡት ይልቅ መሻሻሉን አሳይቷል። የሰውነታቸው ስብ ግን አልተለየም። ይህንን የምጠቅሰው ለሐቀኝነት ብዬ ነው፤ እንቅስቃሴ ብቻውን ቦርጭ ያጠፋል ብሎ ቃል መግባት ሌላ ስህተት ነው። ጉልበት ለማግኘት እንቅስቃሴ፣ ስብ ለመቀነስ ደግሞ በዋናነት የሚበላው ነገር።

መራመድ ይበቃል ለሚሉት፣ መራመድ ለልብም ለስሜትም ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ጭንና ዳሌ እንዲወፍር ግን ጡንቻ ከለመደው በላይ መጫን አለበት። መነሻው ያው ወንበር ነው፤ መነሣትና መቀመጥ። ሲቀል የሚለጠጥ ገመድ፣ ከዚያ ትንሽ ክብደት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ መሀል ላይ እያረፉ። ሲያነሱ ትንፋሽ አለማፈን፤ ሆድ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል። ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያውን ቢያሳይ ደግ ነው። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ብሽሽቱ ላይ የማይለቅ ሕመም ከተሰማው በእንቅስቃሴ ነው ብሎ አይለፈው፤ የጭን አጥንት አናት ደም ሲያጥረው እንዲህ ያማል። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰለ ጸረ ባክቴሪያ ከስቴሮይድ ጋር የሚወስድ ሰው ደግሞ ጅማቱ የመበጠስ አደጋው ስለሚጨምር በእነዚያ ቀናት ከበድ ያለውን ይተወው።

በነገራችን ላይ የአካል ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወዳደሩበት ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከ1978 ጀምሮ አለ። የመጀመሪያው የተደረገው እንግሊዝ፣ ፖርትስመዝ ላይ ነው። ሩጫ፣ ዋና፣ ብስክሌት። ሁሉም ሰው ሯጭ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ኩላሊቱ ግን እንደ እንቁላል የሚሰበር ነገር አይደለም።

ፕሮቲን ማብዛት ይበቃል ስለመባሉ

አይበቃም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ስቴሮይዱ ብዙ በሆነበትና ቁስል በሚድንበት ጊዜ፣ በኪሎ ክብደት ከ1.3 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ይመከራል። ኩላሊቱ ሲረጋ ወደ 0.8 እስከ 1 ግራም ይወርዳል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ከ56 እስከ 70 ግራም መሆኑ ነው። ይህን ከተለመደ ምግብ ማግኘት ይቻላል። ከዚያ በላይ የተበላው ፕሮቲን እግሩን ላላንቀሳቀሰ ሰው ጡንቻ አይሆንም፤ ትርፉ ጉልበት ወደ ስብ ይሄዳል፣ ኩላሊቱም ተጨማሪ ሥራ ይቀበላል። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን የሚታይበት ሰው መጠኑ ለብቻው ይታይለት።

ስብ መጠባበቂያ ነው ስለመባሉ

ይህ ሐሳብ የመጣበት ቦታ አለ። እጥበት ላይ ባሉ ሰዎች ላይ ወፈር ያሉት ከቀጫጮቹ ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ ሲኖሩ በብዙ ጥናት ታይቷል። ይህ ግን ስብ ያድናል ማለት ላይሆን ይችላል። እጥበት ላይ ቀጭን የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ቀጭን የሆነው በጠና ስለታመመ ነው። ንቅለ ተከላ ሲደረግ ሒሳቡ ይቀየራል። አሁን የሚታሰበው የአንድ ዓመት ዕድሜ ሳይሆን የአሥርና የሃያ ዓመት ነው። በዚያ ርቀት ላይ የሆድ ስብ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ በሽታ ጋር ነው የሚመጣው። ንቅለ ተከላ ካደረጉ በኋላ ኩላሊታቸው እየሠራ የሚሞቱትን ሰዎች ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ደግሞ የልብና የደም ሥር በሽታ ነው።

በሌላ ጫፍ መሄድም አያዋጣም። ጽሑፉ ሥር ከተሰጡት አስተያየቶች መካከል ራሴን አስርቤ በወር 10 ኪሎ እቀንሳለሁ የሚል ነበረበት። ሰውነት ሲራብ ስቡን ብቻ መርጦ አይበላም፤ ጡንቻውንም ይበላል። በቅርብ ዓመታት ስማቸው የገነነው የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሴማግሉታይድ በተፈተነበትና በ2021 በታተመው ትልቅ ሙከራ፣ የሰውነት ይዘታቸው በዴክሳ የተለካው ተሳታፊዎች ከቀነሱት ክብደት 40 በመቶ ገደማው ከስብ ውጭ ያለው ክፍል ነበር። እነዚያ ሰዎች ንቅለ ተከላ ያደረጉ አይደሉም፤ ጡንቻ የተረፋቸው ናቸው። ቀድሞውኑ ጡንቻ ያነሰው ሰው ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። መርፌው ማስመለስና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ተቅማጥ ደግሞ የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በሐኪም ክትትል ለአንዳንዱ ሰው ሊጠቅም ይችል ይሆናል፤ ከጓደኛ ተቀብሎ የሚወጋ ነገር ግን አይደለም።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። የቀረው ቢቆይም ስቴሮይድ ሲቆም ሁሉም ይስተካከላል የሚለው አንቀጽ ዛሬውኑ ይነሣ፤ ወይም ሐኪም ሳያዝ አንድም ክኒን እንዳትቀንሱ የሚል ዓረፍተ ነገር ከላዩ ይቀመጥበት።